መነመነ

መነመነ የአማርኛ ግሥ ሲሆን፣ ቀድሞ ሙሉ፣ ወፍራም ወይም ብዙ የነበረ ነገር ቀስ በቀስ ሳሳ፣ ቀጠነ፣ አነሰ ማለት ነው። ለሰውና ለእንስሳ አካል፣ ለደን፣ ለወንዝ፣ ለሀብት፣ ለተስፋና ለቋንቋ ይነገራል። «አነሰ»፣ «ቀነሰ» እና «ጎደለ» የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው፤ ሆኖም አንዱ በሌላው ቦታ ሁልጊዜ አይገባም። ከታች ካሉት ምሳሌዎች ብዙዎቹ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ካለው ኑሮና ተፈጥሮ ጋር የተያያዙ ናቸው።

አመሠራረትና እርባታ

ግሡ «መ» እና «ነ» ተደግመው የተሠራ ባለ አራት ፊደል ግሥ ነው። ለመለመ፣ ቀዘቀዘና ለሰለሰም በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ሲነበብ ሦስተኛው ፊደል፣ ማለትም ሁለተኛው «መ»፣ ይጠብቃል።

• ኃላፊ ጊዜ፦ መነመነ
• የአሁንና የትንቢት ጊዜ፦ ይመነምናል
• ቦዝ አንቀጽ፦ መንምኖ
• አርእስት፦ መመንመን
• ቅጽል፦ መንማና፣ የመነመነ
• አስደራጊ፦ አመነመነ («በሽታው አመነመነው»)

«ተመናመነ» የሚለው ቅርጽ በተለይ ከብዙ ነገሮች ስብስብ ውስጥ ጥቂት ጥቂቱ እየጠፋ ሲሄድ ይመረጣል። የታመመ ሰው አካል መነመነ ይባላል፤ ደን፣ የዱር እንስሳት ወይም የጎተራ እህል ግን ተመናመነ ይባላል። «የጡንቻ መመንመን» እና «የደን መመናመን» የሚሉት የተለመዱ አነጋገሮች ይህንን ልዩነት ያሳያሉ።

ከተቀራራቢ ግሦች ያለው ልዩነት

• ጎደለ፦ ተቃራኒው «ሞላ» ነው። የጎደለ ነገር ተመልሶ ሊሞላ እንደሚችል ይታሰባል። መነመነ ግን እንዲህ ያለውን የመመለስ ተስፋ በውስጡ አልያዘም።
• ቀነሰ፦ ሰው አውቆ ለሚያደርገውም («ዋጋ ቀነሰ»)፣ በራሱ ለሚሆነውም («ሙቀቱ ቀነሰ») ያገለግላል። ቅነሳው በአንድ ጊዜ ሊፈጸም ይችላል፤ መመንመን ግን ጊዜ ይወስዳል።
• አነሰ፦ ከሌላ ነገር ወይም ከሚፈለገው መጠን ጋር ማነጻጸርን ያመለክታል። ከመነሻው ትንሽ የሆነ ነገር አነሰ ይባላል እንጂ መነመነ አይባልም።
• ቀነጨረ፦ ገና ከጅምሩ ማደግ ያልቻለን ይገልጻል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ትኩረት ያደረገበት የሕፃናት መቀንጨር ከዚህ ግሥ የመጣ ስያሜ ነው። የቀነጨረ ሊሆን የሚገባውን ሳይሆን የቀረ ነው፤ የመነመነ ግን የነበረውን ያጣ ነው።
• ከሳ፦ ሥጋ ማጣትን ብቻ ያመለክታል። የከሳ ከብት ሣር ሲያገኝ ይወፍራል፤ መነመነ ሲባል ግን ጉልበቱም አብሮ መሄዱን ያሰማል።
• ተኮማተረ፦ ነገሩ ሳይጎድል ወደ ውስጥ ሲሰበሰብ የሚነገር ነው።
• አለቀ፣ ደረቀ፣ ጠፋ፦ መመንመን ካልቆመ የሚደረስበትን መጨረሻ ይናገራሉ።

በይፋት ቆላ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የምትገኝና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,280 ሜትር ከፍታ ያላት ከተማ ናት። አካባቢው ከጣርማ በር ደጋ ሥር ተነሥቶ ወደ አዋሽ ሸለቆ የሚወርድ ቆላ ሲሆን ማሽላ፣ ጤፍ፣ ማሾና በመስኖ የሚለማ ሽንኩርት ይበቅሉበታል።

የሮቢ ወንዝ ክረምት ይሞላል፤ በጋ ይጎድላል። ይህ የየዓመቱ ዑደት ስለሆነ ትክክለኛው ግሥ «ጎደለ» ነው። የበጋው ውኃ ካምናው፣ ያምናው ከካቻምናው እያነሰ ከሄደ ግን ወንዙ «እየመነመነ ነው» ማለት ይቻላል። ውኃ ተራ ጠብቆ ለሚያጠጣ ገበሬ ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም፦ የጎደለን ወንዝ ክረምት እስኪገባ መጠበቅ ይበቃል፤ ለመነመነ ወንዝ ግን ምንጩንና ተፋሰሱን መመልከት፣ አጠቃቀሙንም መመርመር ያስፈልጋል።

ከቆላው በላይ ባለው ተዳፋት የሚገኘው የወፍ ዋሻ ደን ጽድ፣ ኮሶና ዝግባ ካሉባቸው ጥቂት የቀሩ የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። በትውፊት የመናገሻ ደን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተተከለው ከዚህ በሄደ ዘር እንደሆነ ይነገራል። እንዲህ ላለው ደን «ተመናመነ» ሲባል ዛፉ ጨርሶ አልጠፋም፤ በዛፍና በዛፍ መካከል ያለው ርቀት ግን ሰፍቷል ማለት ነው።

ግሡ ለቋንቋም ይነገራል። በይፋት ከሚኖሩት ሕዝቦች አንዱ የሆነው አርጎባ ለአማርኛ ቅርብ የሆነ የራሱ ሴማዊ ቋንቋ አለው። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አርጎባ ነን ያሉት 62,831 ሲሆኑ፣ አርጎብኛ አፍ መፍቻቸው የሆነው 10,860 ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ በአብዛኛው ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ ዞረዋል። እዚህ ላይ ሕዝቡ አልመነመነም፤ የመነመነው ቋንቋው ነው። የተናጋሪው ልጆች ቁጥር እየጨመረ እንኳ ቋንቋው ከቤት ወደ ሽማግሌዎች ጨዋታ ብቻ እየተወሰነ ሊሄድ ይችላል።

አድራጊ የሌለው ግሥ

«እሱ ደኑን መነመነ» አይባልም። አድራጊውን መጥራት ሲያስፈልግ «አመነመነ»፣ «አመናመነ» ወይም «መነጠረ»፣ «ጨፈጨፈ» የሚሉ ሌሎች ግሦች ይገባሉ። ስለዚህ በዜናና በሪፖርት የተለመደው «ደኑ ተመናምኗል» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሆነውን ይናገራል፤ ማን እንዳደረገው ግን አይናገርም። «ደኑን ለከሰል መነጠሩት» ሲባል ተጠያቂ አለ። ነገሩ በእርግጥ አድራጊ በሌለው ምክንያት፣ ለምሳሌ በድርቅ ወይም በእርጅና፣ የመጣ ከሆነ ግን መነመነ ተገቢው ቃል ነው።

በእንግሊዝኛ

በትርጉም የሚቀርበው የእንግሊዝኛ ግሥ «ድዊንድል» ነው። እሱም «ድዋይን» ከሚለው፣ መክሳትንና መጠውለግን ከሚገልጽ የቆየ ግሥ ላይ የመደጋገም ምልክት የሆነ ቅጥያ ተጨምሮበት የተሠራ ነው። አማርኛው ፊደሎቹን በመድገም፣ እንግሊዝኛው ቅጥያ በመጨመር ያንኑ ጥቂት በጥቂት መሆንን ያሳያሉ። «ሽሪንክ» የሚለው ሌላው ግሥ ግን ታጥቦ ለሚያጥር ጨርቅም ስለሚነገር እንደ አገባቡ ተኮማተረ፣ አጠረ ወይም አነሰ ተብሎ ይተረጎማል።

ተቃራኒ

ለተክል፣ ለአካባቢና ለተስፋ «ለመለመ»፣ ለሰውና ለከብት አካል «ፋፋ»፣ ለቁጥር «በዛ» የሚሉት ተቃራኒዎቹ ናቸው።