የኤሌክትሪክ ዘርፍ ማሻሻያና የሰሜን ሶማሌ ክልል የንግድ ደንበኞች

በጅግጅጋና በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች ከብሔራዊው የኃይል ቋት ጋር የተገናኙ ሆቴሎች፣ ወፍጮ ቤቶች፣ ዳቦ ቤቶችና የብረታ ብረት ወርክሾፖች ኤሌክትሪክ የሚገዙት ከአንድ አቅራቢ፣ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው።

የአገሪቱ ዋነኛ የኃይል አቅራቢ በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በሚል ስያሜ የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1989 ዓ.ም. ወደ ኮርፖሬሽንነት ተለውጧል። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 86/1989 ዘርፉን የሚቆጣጠር ኤጀንሲ አቋቁሟል። ኮርፖሬሽኑ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል ማመንጨትና ማስተላለፍ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈልና ሽያጭ ደግሞ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጥቷል። ክፍፍሉ የሥራ ድርሻን የለየ ቢሆንም፣ ለደንበኛው አማራጭ አቅራቢ አላስገኘም።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የንግድ ደንበኞች እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2004 ጀምሮ አቅራቢያቸውን የመምረጥ መብት አግኝተዋል። ሆኖም ዋጋው ከገበያው ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የተፈጥሮ ጋዝ ዋጋ ሲንር የድርጅቶች የኤሌክትሪክ ወጪም በእጅጉ ጨምሯል።

በኢትዮጵያ በብሔራዊው ቋት ላይ የሚሠራበት ታሪፍ በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተጠንቶ በመንግሥት ይጸድቃል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ታሪፍ እስከ 2011 ዓ.ም. ሳይለወጥ ቆይቷል። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረውና በአራት ዙር በተተገበረው ማሻሻያ፣ በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚጠቀም ኢንዱስትሪ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለው ከ58 ሳንቲም ገደማ ወደ 1 ብር ከ53 ሳንቲም፣ የንግድ ተቋማት ደግሞ ከ67 ሳንቲም ገደማ ወደ 2 ብር ከ12 ሳንቲም ከፍ ብሏል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም በየሩብ ዓመቱ የሚጨምር የአራት ዓመት የታሪፍ ማስተካከያ ሥራ ላይ ውሏል።

የሁለቱ አሠራሮች ልዩነት በድንበር ከተማዋ ቶጎ ውጫሌ በቅርብ ይታያል። ከድንበሩ ማዶ በሶማሌላንድ ኃይል የሚያቀርቡት የግል ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ ለረጅም ጊዜ በናፍጣ ጄኔሬተር ላይ በመመሥረታቸው ዋጋቸው ከኢትዮጵያ ታሪፍ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በኢትዮጵያ በኩል ታሪፉ ዝቅተኛ ቢሆንም፣ ኃይል ሲቋረጥ ነጋዴው የሚዞርበት ሌላ አቅራቢ የለውም። በመሆኑም በራሱ ጄኔሬተር የሚሠራ ድርጅት እውነተኛ የኃይል ወጪው የወር ቢሉና የናፍጣ ሂሳቡ ድምር ነው።

በሲቲ ዞን ለጅቡቲ ኃይል የሚሸጥበት የ230 ኪሎ ቮልት መስመር የሚያልፍ ሲሆን፣ 120 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የአይሻ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫም በዚሁ ዞን ይገኛል። ይሁንና ለአካባቢው ደንበኞች የሚደርሰው ኃይል አስተማማኝነት ከማመንጫው ቅርበት ይልቅ በማከፋፈያ ጣቢያዎችና በከተማ ውስጥ መስመሮች አቅም ይወሰናል።