የማኅበር ጽዋ
ሸክላና መሸፈኛ ጨርቅ። ዋግ ኽምራ፣ ደሃና

በአምደወርቅና በዙሪያዋ፣ እንደ ሌላው የደጋ ኦርቶዶክሳዊ ሁሉ፣ ማርያም፣ ሚካኤል ወይም ጊዮርጊስ በሚውልበት ቀን ማኅበርተኛ በአንዱ አባል ቤት ይሰበሰባል። ጽዋው በጠላ ተሞልቶ ከዳቦው አጠገብ ይቀመጣል፤ ቄሱ ይባርካሉ፤ ሁሉም በየተራ ይቀምሳል። ጸሎቱ በግእዝ ነው፤ ጨዋታው እንደ ቤቱ በአማርኛ ወይም በኽምጣኛ። የተጣላ ካለ አስቀድሞ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ ከዚህ ጽዋ መጠጣት ነውር ነው።

ይህን ዕቃ ስትመለከቱ ከሁሉ በላይ የርክክቡን ሰዓት አስቡ። ድግሱ ሲያበቃ ደጋሹ ጽዋውን ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባል። ተረካቢው ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ማኅበርተኛው በዝማሬና በእልልታ ይሸኘዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚመጣው ወር ድግስ፣ ጌሾው፣ ብቅሉ፣ ዱቄቱ ሁሉ የእሱ ኃላፊነት ነው። አባላቱ ብዙ ጊዜ በሐዋርያት ቁጥር 12 ስለሚሆኑ ጽዋው በዓመት አንድ ጊዜ ወደ እያንዳንዱ ቤት ይገባል። ባለጸጋውም ድሃውም ተራው እኩል ነው፤ ከሥርዓቱ ሁሉ ማኅበሩን የሚያስከብረው ይህ እኩልነት ነው።

 

ሥርዓቱን የሚያስከብረው የማኅበሩ መሪ ሙሴ ይባላል። የታመመ እንዲጠየቅ፣ ሐዘን የደረሰበት እንዲጽናና የሚያስተባብረውም እሱ ነው።