«ጠቅላላ ዕውቀት» የማን ዕውቀት ነው?

አያቴ ዕብራይስጡን እያስተረጎመችኝ «ሃሚርዳፍ»ን ስታይ፣ «የእኛን ነገር መቼ ነው የሚጠይቁት?» አለችኝ።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ አገር ተጀምሮ፣ በ2017 ወደ ካን 11 መጣ። ተወዳዳሪዎች ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ «አሳዳጅ» የሚባለው ሊቅ ይከተላቸዋል። በመጨረሻው ዙር ሊቁ ሲሳሳት፣ ተወዳዳሪዎቹ መልሱን ካወቁት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመልሱታል።

ግን ጠቅላላ ዕውቀት የሚባለው ምን እንደሆነ ማን ወሰነ? ሲግድን እንውሰድ። ቄሶቻችንና ሕዝቡ ከኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ተራራ እየወጡ ለብዙ ዘመን ሲያከብሩት ኖረዋል። ክኔሴት የአገር በዓል ብሎ በሕግ ያጸደቀው ግን በ2008 ነው። አያቴ ከሕጉ በፊትም መልሱን ታውቅ ነበር፤ የሚጠይቃት ነው የጠፋው።

እናንተም አያቶቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ። ሊቁ ሲሳሳት መልሱ እኛ ዘንድ ይገኝ።