ቢላዋውና ንቀቱ፦ ስለ ብረት ሠሪዎቻችን ታሪክ ጥቂት ቃል

ባለፈው የመፀው ወራት፣ እኛ በምንኖርባት በኢቶቢኮ፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ1998 ከቶሮንቶ ከተማ ጋር በተዋሐደችው ሠፈር፣ ከሚገኙት ሰፋፊ የገበያ አዳራሾች በአንዱ ውስጥ ወዳለ የወጥ ቤት ዕቃ መደብር ገብተን ነበር። የሄድንበት ጉዳይ ቀላል ነው። ከእናታችን የወረስነው፣ በደብረ ታቦር ገበያ የተገዛ አንድ ቢላዋ አለን። እጀታው የበሬ ቀንድ ነው፤ ብረቱ ጠቆር ያለ ሆኖ የመዶሻው ምት እስከ ዛሬ ይታይበታል። ስለቱ ስለ ደነዘ፣ መደብሩ ቢላዋ ይስላል ሲባል ሰምተን ይዘነው ሄድን።

ሻጩ ዕድሜው ከሃያ ብዙም ያላለፈ ወጣት ነበር። ቢላዋውን በሁለት ጣቱ አንሥቶ አገላበጠና፣ ይህ ቢላዋ ሳይሆን የብረት ቁራጭ ነው፤ የሠሪው ስም የለበትም፤ ይዝጋል፤ መሳያ መኪናችንንም ያበላሻል ሲል መለሰልን። ወዲያውም በካርቶን የታሸገ ስድስት ቢላዋ አውጥቶ ዘረጋ። አንድ ቢላዋ ጥሩ የሚባለው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ብንጠይቀው፣ ከካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበልን። ከዚያ ያለፈ እውቀት እንደሌለው ግልጽ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው ነገር ለወግ እንኳ የሚበቃ አልነበረም። ጉዳዩን ወደዚህ መጽሔት ያመጣው ግን ሌላ ነው። አብሮን የነበረው የአገራችን ልጅ፣ በዚሁ አገር በምህንድስና የተመረቀና ስለ አገሩ ብዙ የሚቆረቆር ሰው፣ ከት ብሎ ሳቀና፣ «ጋሼ፣ ልጁ እውነቱን ነው፤ የቀጥቃጭ ሥራ ምን ይሆናል?» አለን። የሻጩ ቃል ከድንቁርና የመጣ ስለ ሆነ ሊታለፍ ይችላል። የወገናችን ቃል ግን ከታሪክ የመጣ ነው፤ ስለዚህም ሊመረመር ይገባዋል።

በመጀመሪያ ስለ ብረቱ እንናገር። ዛሬ በአገራችን ከተሞችና ገበያዎች ቢላዋና ማጭድ የሚቀጠቀጥበት ብረት በብዛት የሚገኘው ከአሮጌ ዕቃ ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራን የጎበኘ ሰው ይህን ያውቃል። ከዚህ ዓይነቱ ብረት ሁሉ የሚመረጠው የመኪና ባሌስትራ ነው። የባሌስትራ ብረት ብዙውን ጊዜ ከመቶ ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ካርቦን ያለበት ጠንካራ ብረት ነው። ባለ እጁ ይህን ብረት በወናፍ በሚነፋ ከሰል አግሎ፣ በጉጠት ይዞ ይቀጠቅጠዋል፤ በቀላበት ሰዓት ውሃ ውስጥ ነክሮ ያጠነክረዋል፤ በመጨረሻም እንዳይሰበር በመጠኑ መልሶ ያሞቀዋል። ሙቀቱን የሚለካው በመሣሪያ ሳይሆን በብረቱ ቀለም ነው። እንዲህ ያለው ቢላዋ ካልተወለወለ ይዝጋል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን በተራ ድንጋይ ይሳላል፣ ስለቱም ምላጭ ይሆናል።

ሻጩ የዘረጋልን የማይዝግ ብረት ደግሞ ከመቶ ከአሥር እጅ የሚበልጥ ክሮሚየም ያለበት ነው። ይህን ዓይነቱን ብረት እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዝ አገር በሸፊልድ ከተማ የሠራው ሃሪ ብሪርሊ የተባለ ሰው ነበር። የከተማይቱ ቢላዋ ሠሪዎች በመጀመሪያ፣ የማይቆርጥ ቢላዋ የፈለሰፈ ሰው እያሉ ይቀልዱበት እንደ ነበር የታወቀ ነው። እንግዲህ ዛሬ በእጅ የተሠራውን ለመናቅ መመዘኛ የሆነው ብረት ራሱ በባለሙያዎች ዘንድ የተናቀበት ጊዜ ነበር። ከዚህም ሌላ ብዙ ገንዘብ ከሚወጣባቸው ቢላዋዎች መካከል ጃፓኖች፣ በተለይም የሳካይ ከተማ ሰዎች፣ ከሚዝገው ጠንካራ ብረት በእጃቸው የሚቀጠቅጧቸው ይገኙበታል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1876 በአዋጅ ሰይፍ መታጠቅን ስትከለክል ከሰይፍ አንጥረኞቿ ብዙዎቹ ወደ ቢላዋና ወደ መቀስ ሥራ ዞሩ፤ ስማቸውንም በብረቱ ላይ እየቀረጹ ሸጡ። የእኛው ቢላዋ ስም የሌለበት በብረቱ ጉድለት ምክንያት አይደለም። ሠሪው ስሙን እንዲጽፍበት የጠየቀው ስላልነበረ ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ ይህ ሁኔታ ከየት መጣ?

የብረት ነገር በአገራችን ጥንታዊ ነው። በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መምሪያ እንደሚነግረን፣ በአዱሊስ ወደብ በኩል ለዝሆን አደንና ለጦርነት የሚሆን ጦር የሚሠራበት ብረት፣ እንዲሁም የህንድ ብረት ከባሕር ማዶ ይገባ ነበር። ዐፄ ኢዛና በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው የግዕዝ ጽሑፍ ሠራዊቱ ከማረካቸው ነገሮች መካከል ብረትን ይቈጥራል። ብረት እንግዲህ የመንግሥት ሀብትና የጦር ኃይል ነበር። በግዕዝ ብረት ሠሪው ነሃቢ ይባላል፤ ቃሉ ስድብ የለበትም። የእጅ ሙያ ያለው ሰው በጠቅላላው ጠቢብ ይባል ነበር፤ ይኸውም ብልህ፣ ዐዋቂ ማለት ነው። ዛሬ ለስድብ የምንጠቀምበት ጠይብ የሚለው ቃል ከዚሁ ከጠቢብ የወጣ ነው። አንድ ሕዝብ ዐዋቂ የሚለውን ቃል ወደ ስድብ የለወጠበት መንገድ ከብዙ የጦርነት ታሪክ የበለጠ ሊያስጨንቀን በተገባ ነበር።

ለዚህ ለውጥ ዋነኛው ምክንያት የመሬት ሥሪት ይመስለናል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሰው ክብሩ በርስቱ ነበር፤ ርስት የሌለው ሰው እንግዳ ነበር። የቤተ እስራኤልን ታሪክ ብንመለከት ነገሩ ይገለጥልናል። ትውፊቱ እንደሚለው ዐፄ ይስሐቅ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ካሸነፋቸው በኋላ፣ ክርስትናን ያልተቀበለ ከአባቱ ርስት እንዲነቀል አዘዘ። ርስት ያጣ ሕዝብ በእጁ ከመኖር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ወንዱ ወናፍ ነፋ፣ ሴቷ ሸክላ ሠራች። ጎንደር በዐፄ ፋሲል ዘመን ስትቈረቈር ከግንበኞቿና ከአናጢዎቿ መካከል እነርሱ ነበሩበት። ገበሬው ማረሻውን ሊያስቀጠቅጥ ወደ እነርሱ ይመጣል፤ ከእነርሱ ጋር ግን ማዕድ አይቈርስም፤ ልጁንም አይድርላቸውም።

በዚህ ላይ የቡዳ እምነት ተጨመረበት። ብረት ሠሪው በቀን ሰው፣ በሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። እሳትን አዝዞ ብረትን የሚያለሰልስ ሰው ሰውንም ሊበላ ይችላል ተብሎ ተፈራ። ኢዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ፣ ተራው ሕዝብ ቀጥቃጮችን እሳት የሚተፉ የሲኦል ፍጥረቶች አድርጎ እንደሚያያቸው ጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት በአገራችን የኖረው እንግሊዛዊ ማንስፊልድ ፓርኪንስም ስለ ቡዳና ስለ ቀጥቃጮች በሰፊው አትቷል። ነገሩም በሰሜን ብቻ የተወሰነ አይደለም። በጉራጌ ፉጋ፣ በኦሮሞ ቱምቱ፣ በጋሞ ደጋላ የሚባሉት ባለ ሙያዎች ዕጣ ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም።

ነገሥታቱስ? የነገሥታቱ ታሪክ በዚህ ረገድ የሚያሳዝን ቅራኔ አለበት። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ለፖርቱጋል ንጉሥ በጻፈው ደብዳቤ ሰይፍና የጦር መሣሪያ የሚሠሩ፣ ግንበኞችና አናጢዎች እንዲላኩለት ለምኗል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት እነ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርን የመሳሰሉትን አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ሰብስቦ መድፍ አስቀልጧል። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ በዚያ ተሠርቶ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ከዚያም ሁሉ ድካም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 በመቅደላው ጦርነት አልረዳውም፤ እስከ ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ አለ። ቴዎድሮስ የብረትን ኃይል ከማንም ይበልጥ ተረድቶ ነበር። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የመጣው እጅ ሲከበር፣ በአገሩ ለዘመናት ወናፍ ሲነፋ የኖረው እጅ ያው ቡዳ እንደ ተባለ ቀረ። በዚያው በ1868 በጃፓን የሜጂ መንግሥት ተተከለ፤ የዚያ አገር ባለ እጆች ግን የአዲሱ ሥልጣኔ መሠረት ሆኑ።

ንቀቱ እስከ ምን እንደ ደረሰ አንድ ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ መኳንንቶቻችን ከታጠቋቸው ጎራዴዎች ብዙዎቹ ብረታቸው በጀርመን አገር በዞሊንገን የተሠራ ነበር። የዞሊንገን አንጥረኞች የአማርኛ ጽሑፍና የይሁዳን አንበሳ ቀርጸው ይልኩልን ነበር። ጌታው የጀርመን ቀጥቃጭ የሠራውን በወርቅ አፎት ይታጠቃል፤ በሰፈሩ ያለውን ቀጥቃጭ ግን በደጁ አያስቀምጥም። ልዩነቱ የቀጥቃጭነቱ አይደለም፤ ዞሊንገን ሩቅ በመሆኑ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ተረድተውት ነበር። በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚሸምነውን ሸማኔ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያሉ መስደብ እንዲቀር አዘዙ። የሰው ዘር ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን መምጣቱን አስታውሰው፣ በሌላ አገር አዲስ ነገር የሚሠራ ሰው መሐንዲስ ተብሎ እንደሚሸለም ገለጹ። ከዚያ በኋላ ሠራተኛን የሚሰድብ ንጉሡን እንደ ሰደበ እንዲቈጠር፣ ቅጣቱም የአንድ ዓመት እሥራት እንዲሆን ወሰኑ። በእኛ አስተያየት ይህ አዋጅ ከዓድዋ ድል ቀጥሎ ሊታወስ የሚገባው የዘመኑ ሥራ ነው። ጥቂት ቈይቶም ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እ.ኤ.አ. በ1924 በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፉ፣ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የእጅ ሥራ ከውጭ የሚገዛ ሕዝብ ለገዥዎቹ ተገዥ እንደሚሆን አስተማረ። አዋጁም ሆነ ትምህርቱ ግን የሰውን አንደበት አላረሙትም።

በ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስት አልባው ባለ እጅ መሬት እንዲያገኝ ሕጋዊ መብት ሰጠ። ስለ ዘመነ ደርግ የምንለው ብዙ ክፉ ነገር አለ፤ ይህን ግን መካድ አይገባንም። ሆኖም ለብዙዎቹ ዘግይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985፣ ቀጥሎም በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል በአውሮፕላን ተጭነው ወደ እስራኤል ሄዱ። በጎንደር አጠገብ የምትገኘው ወለቃ የተባለችው መንደር ዛሬ በሸክላ ሥራዋና በቀድሞ ነዋሪዎቿ መታሰቢያ ትታወቃለች። ለአምስት መቶ ዓመት የሰሜንን ማረሻ የቀጠቀጡ እጆች እንግዲህ ከአገር ወጡ፤ ሲወጡም ያስተዛዘነን ስለ ሙያው አልነበረም።

አንዳንድ አንባቢያን፣ ይህ ሁሉ ቢሆንም በገበያ የሚሸጠው ቢላዋ ብዙውን ጊዜ ሸካራ ነው፣ ሲሉ ይሟገቱን ይሆናል። እውነት ነው። ስለቱ ያልተስተካከለ፣ እጀታው የሚወልቅ ቢላዋ አይተናል። ነገር ግን መንሥኤውን ከውጤቱ መለየት ያስፈልጋል። የተናቀ ሰው ሥራውን ለማሳመር ምን ምክንያት አለው? ልጁ ሙያውን እንዲሸሽ የሚጸልይ አባት ምን ምሥጢር ያወርሰዋል? በርካሽ ካልሆነ የማይገዛውን ገበያ የሚጠብቅ ሰው የትኛውን ብረት መርጦ ይገዛል? እኛ ንቀን ርካሽ ያደረግነውን ሥራ፣ ርካሽ ነው ብለን መልሰን እንንቀዋለን።

ወደ ቶሮንቶ እንመለስ። ከኢቶቢኮ ጥቂት ወጣ ብሎ በብላክ ክሪክ ቀድሞ የአቅኚዎች መንደር ይባል የነበረ ሙዚየም አለ። በዚያ የ19ኛው መቶ ዓመት የብረት ሥራ ቤት እንደ ነበረ ተጠብቆ፣ የትምህርት ቤት ልጆች ብረት ሲቀጠቀጥ ያያሉ። ይህ አገር የትናንት ቀጥቃጩን በሙዚየም አክብሮ ያሳያል። ሻጩ ወጣት ሳያውቅ የናቀው ሙያ በገዛ አገሩ ከታሪክ መዝገብ ላይ አለ። የእኛዎቹ ዛሬም በሕይወት ሳሉ በማንም መዝገብ ላይ የሉም።

እኛም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለንም። በልጅነታችን የቀጥቃጩ ልጅ ከእኛ ጋር ሲማር፣ በምሳ ሰዓት አጠገቡ እንዳንቀመጥ ተነግሮን ታዘናል። የቢላዋውን ሠሪ ስም እናታችን አልነገረችንም፤ እኛም በሦስት አገር ስንማር ስለ ሌላው ሁሉ ስንጠይቅ ይህን አልጠየቅንም። አሁን እናታችን አርፋለች፤ የሚነግረን የለም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በዚህ ከተማም ሆነ በሌሎች የስደት ከተሞች፣ አያቶቻቸው ወናፍ የነፉ፣ ይህንንም ከሰው የደበቁ ወገኖቻችን አሉ። ፈቃዳቸው ሲሆን እነርሱን ቀርበን የመሣሪያዎቹን ስም፣ የብረቱን ቀለም መለያ ቃላት፣ የሠሪዎቹን ስምና የትውልድ ሐረግ መመዝገብ ይገባናል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት፣ ጊዜው ግን አጭር ነው።

ቢላዋውን መልሰን ወደ ቤት ወሰድነው፤ በድንጋይም ሳልነው። ያ የሳቀው ወዳጃችን በኋላ ለበዓል ቤታችን መጥቶ ሥጋ ሊቈርጥ ያነሣው እርሱኑ ነበር። «ይህስ ይቈርጣል» አለ። ማን እንደ ሠራው ጠየቀን፤ ልንመልስለት አልቻልንም።