ጆናታን ጎልድ

ጆናታን ጎልድ (ሐምሌ 21 ቀን 1952 ዓ.ም. – ሐምሌ 14 ቀን 2010 ዓ.ም.፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 28 ጁላይ 1960 – 21 ጁላይ 2018) በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ የተወለደ የምግብ ቤት ሃያሲና የሙዚቃ ጸሐፊ ነበር። በ2007 በሂስ ዘርፍ የፑሊትዘር ሽልማትን ሲያገኝ፣ ሽልማቱ ለምግብ ቤት ሃያሲ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። የሚታወቀው በተለይ ከሌላ አገር የመጡ ቤተሰቦች በከፈቷቸው ትንንሽ ምግብ ቤቶችና በመንገድ ዳር የምግብ መኪናዎች ላይ በጻፋቸው ጽሑፎች ነው። (በዚህ መጣጥፍ ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሕይወት ታሪክ

ጎልድ ያደገው በደቡብ ሎስ አንጀለስ ነው። አባቱ በፍርድ ቤት ውሳኔ በገደብ የተለቀቁ ሰዎችን የሚከታተል ባለሥልጣን፣ እናቱ ደግሞ በትምህርት ቤት የሚሠሩ ሴት ነበሩ። በልጅነቱ ቼሎ መጫወት ተምሮ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ሙዚቃ አጠና፤ ቼሎውን ይዞም በፐንክ ሮክ ባንድ ውስጥ ተጫውቷል። የጋዜጣ ሥራ የጀመረው በጽሑፍ አራሚነት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ «ኤል ኤ ዊክሊ» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ውስጥ ገብቶ፣ እዚያው የሥራ ባልደረባው ከነበረችው ከአርታኢዋ ሎሪ ኦቾዋ ጋር ተዋወቀ። በ1990 ተጋቡ፤ ሁለት ልጆችም ወለዱ።

ስለ ምግብ ብቻ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሎስ አንጀለስ ራፕ ሙዚቃ ሲፈነዳ በቅርብ ከተከታተሉት ጸሐፊዎች አንዱ ነበር። በ1989 ስለ ኤን ደብልዩ ኤ ቡድን፣ በ1993 ደግሞ ለ«ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት ስለ ዶክተር ድሬና ስኑፕ ዶግ ጽፏል። ከሙዚቃው ዓለም ያተረፈው ነገር በምግብ ጽሑፎቹም ላይ ይታያል፦ ሰው ከሥራ ወጥቶ በሌሊት የት እንደሚሄድ፣ ከጭፈራ ቤት ሲመለስ ምን እንደሚበላ ያውቅ ነበር።

ወንድሙ ማርክ ጎልድ የታወቀ የባሕር አካባቢ ተቆርቋሪ ነው። እሱ ሊያድናቸው የሚታገልላቸውን ፍጥረታት ወንድሙ እንደሚበላቸው በቀልድ መልክ ያነሳ ነበር፤ ቀልዱ ግን እውነት አለው።

የፒኮ ጎዳና

ጎልድ በወጣትነቱ፣ ገና ጽሑፍ አራሚ ሳለ፣ ፒኮ በሚባለው ጎዳና ላይ ባሉት ምግብ ቤቶች ሁሉ ተራ በተራ ለመብላት ወሰነ። ፒኮ ከመሐል ከተማው ተነስቶ እስከ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ወደ 24 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋ፣ በውበቱ ማንም የማያደንቀው ጎዳና ነው። ሀብታሞች የሚመርጧቸው ሌሎች መንገዶች አሉ። ፒኮ ግን የኤል ሳልቫዶር፣ የጓቴማላ፣ የሜክሲኮ፣ የኮሪያ፣ የአይሁድና የኢራን ሰዎች ሱቆችን እያቋረጠ ያልፋል። በአንድ በኩል የኤል ሳልቫዶር ሴቶች በበቆሎ ሊጥ ውስጥ አይብና ባቄላ እየጨመሩ ፑፑሳ ይጋግራሉ፤ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች አልፎ በአይሁድ ሕግ መሠረት የታረደ ሥጋ ይሸጣል።

ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ አልተፈጸመም፤ ምግብ ቤት ይዘጋል፣ ሌላ ይከፈታል፣ ጎዳናው አያልቅም። ሆኖም ለጎልድ ሥራ መሠረት የሆነው ይህ ጉዞ ነው። ታሪኩን ራሱ በ1998 በጻፈው ድርሰት ተርኮታል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የአሜሪካ ጋዜጦች የምግብ ሃያሲ በአብዛኛው ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብ የፈረንሳይ ወይም የጣልያን ምግብ መዛኝ ነበር። ጎልድ የተነሳው ከሌላ ጥያቄ ነው፦ እዚህ ከተማ ውስጥ የሚኖረው ሰው በየቀኑ የሚበላው ምንድን ነው? ለማንስ ነው የሚያበስለው?

ዓምዱና አሠራሩ

በ1986 በ«ኤል ኤ ዊክሊ» ላይ «ካውንተር ኢንተሊጀንስ» የተባለውን ዓምድ ጀመረ። ስሙ በእንግሊዝኛ የቃላት ጨዋታ አለው፤ «ፀረ ስለላ» ማለትም፣ «ከባንኮኒ ላይ የተገኘ መረጃ» ማለትም ይሆናል። ከ1990 እስከ 1996 ዓምዱ በ«ሎስ አንጀለስ ታይምስ» ላይ ወጣ፤ በ2000ም ጽሑፎቹ ተሰብስበው በዚሁ ስም መጽሐፍ ሆኑ። በ1999 ጎልድ ከባለቤቱ ጋር ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ «ጉርሜ» ለተባለው መጽሔት ሠራ። በ2001 ተመልሶ ወደ ቀድሞ ጋዜጣው ገባ፣ በ2012 ደግሞ ዳግመኛ ወደ «ሎስ አንጀለስ ታይምስ» ተዛወረ።

አረንጓዴ ዶጅ ፒክአፕ መኪናውን እየነዳ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ያካልል ነበር። ሎስ አንጀለስ እንደ አዲስ አበባ ፒያሳ ወይም መርካቶ ሁሉም የሚገናኝበት አንድ ማዕከል የላትም፤ ሰፈሮቿ በሰፋፊ ፈጣን መንገዶች የተለያዩ ናቸው። ጥሩ ምግብ ቤት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመንገድ ዳር ባሉ ትንንሽ የሱቅ ግቢዎች ውስጥ፣ በልብስ ማጠቢያና በጥፍር ማስዋቢያ ቤት መካከል ነው። በመኪና የሚያልፍ ሰው አያየውም፤ ቢያየውም ጽሑፉን ማንበብ አይችል ይሆናል።

አንድ ምግብ ቤት ላይ ከመጻፉ በፊት ቢያንስ አራት ወይም አምስት ጊዜ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። የማያውቀው ዓይነት ምግብ ከሆነ ስለ አገሩና ስለ አካባቢው ያነብባል፣ በዚያ ዓይነት የሚሠሩ ሌሎች ቤቶችንም ያወዳድራል። ጠረጴዛ የሚያስይዘው በሐሰት ስም ነበር፤ ባለቤቶቹ ካወቁት የሚቀርብለት ምግብ ሌላው ደንበኛ ከሚቀርብለት ሊለይ ይችላልና። ነገር ግን ፑሊትዘርን ባሸነፈ ጊዜ ፎቶግራፉ በየቦታው ስለተሰራጨ፣ ምስጢሩ ከዚያ ወዲያ የይስሙላ ሆነ። በጃንዋሪ 2015 ራሱ ፊቱን በይፋ ገለጠ።

የአጻጻፉ አንዱ መለያ አንባቢውን በሁለተኛ መደብ መጥራቱ ነው። ያን ሾርባ የበላው ጎልድ ሳይሆን አንባቢው የሆነ ያህል ይጽፋል። ይህን ወደ አማርኛ መመለስ ያስቸግራል። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ሁሉንም ሲጠራ፣ አማርኛው ገና ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «እርስዎ» ብሎ መምረጥ ግድ ይለዋል፤ ጎልድ የፈለገው ደግሞ ማንም ሰው ገብቶ የሚቀመጥበትን ወንበር ነበር።

ያስተዋወቃቸው ምግቦች

ጎልድ «የእስያ ምግብ» ወይም «የሜክሲኮ ምግብ» በሚል ጥቅል ስም አይረካም ነበር። ስለ ጌላጌትሳ ምግብ ቤት ሲጽፍ ጉዳዩ ኦአሃካ የምትባለው የሜክሲኮ ክፍለ ሀገርና ከበርበሬ፣ ከለውዝና ከቅመም ተፈጭቶ የሚሠራው ሞሌ የተባለው ወጧ ነው። በታይላንድ ሰዎች ሰፈር የሚገኘው ጂትላዳ በአገሩ ሰው ዘንድ ለደቡብ ታይላንድ ኃይለኛ ምግቦቹ ይፈለግ ነበር፤ የእነዚህ ምግቦች ዝርዝር ግን በታይኛ ብቻ የተጻፈ ስለነበር ሌላው ደንበኛ አያዝዛቸውም። ዝርዝሩ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ጎልድም ከጻፈበት በኋላ፣ ቤቱ ከከተማዋ ታዋቂ ምግብ ቤቶች አንዱ ሆነ። ማሪስኮስ ሃሊስኮ የተባለው የምግብ መኪና በቦይል ሃይትስ ሰፈር የሚሸጠው ሽሪምፕ ታኮም እንዲሁ በጎልድ ዝርዝሮች ውስጥ ከውድ ምግብ ቤቶች ጎን ተሰልፏል።

የሌሊቱን ሕይወት በተመለከተ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2008 መጨረሻ ሮይ ቾይና ባልደረቦቹ «ኮጊ» የተባለውን መኪና ሲያሰማሩ ነው። የኮሪያን የተጠበሰ የጎድን ሥጋ በሜክሲኮ ቂጣ ጠቅልለው በየጭፈራ ቤቱ ደጃፍ ሌሊት ይሸጡ ነበር፤ መኪናው የት እንደሚቆም በትዊተር ስለሚነገር ሰዉ ተከትሎ ይሰለፋል። ጎልድ ስለ ኮጊ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ጻፈ። በ1992 በከተማዋ በተነሳው ሁከት ብዙ የኮሪያውያን ሱቆች ተቃጥለዋል፤ ጎልድም ያን ጊዜ የሚኖረው በኮሪያ ሰፈር ነበር። ከ16 ዓመት በኋላ የኮሪያና የሜክሲኮ ምግብ በአንድ ቂጣ ተጠቅልሎ፣ ከየሰፈሩ የመጣ ወጣት በሌሊት ተሰልፎ ሲጠብቀው ማየት ከተማዋን ለሚያውቅ ሰው ተራ ነገር አልነበረም።

ትንሿ ኢትዮጵያ

ፌርፋክስ በተባለው ጎዳና ላይ፣ ከፒኮ ብዙም ሳይርቅ፣ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች የተሰባሰቡበት ሰፈር አለ። የከተማዋ ምክር ቤት በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም በይፋ ሰጥቶታል። ከምግብ ቤቶቹ አንዱ የሆነውን «ሚልስ ባይ ገነት»ን በ2000 የከፈቱት ወይዘሮ ገነት አጎናፍር ናቸው። ቤቱ በተለይ በዶሮ ወጡ ይታወቃል። ጎልድ በመላው ከተማዋ ምርጥ ባላቸው ምግብ ቤቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ ወይዘሮ ገነትም ስለ እርሱ በተሠራው ፊልም ላይ ቀርበዋል።

የዚህ ምርጫ ትርጉም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግልጽ ነው። ዶሮ ወጥ ቁሌቱ ረጅም ሰዓት የሚፈልግ፣ ሽንኩርቱ እስኪሟሟ ድረስ ትዕግሥት የሚጠይቅ የበዓል ምግብ ነው። በውጭ አገር ግን የኢትዮጵያ ምግብ ብዙ ጊዜ የሚወራለት በእጅ ስለሚበላና ዋጋው ስለማይከብድ ብቻ ነበር። ጎልድ ያንኑ ወጥ በብዙ መቶ ዶላር ከሚሸጥ የጃፓን እራት ጋር በአንድ ዝርዝር ላይ ማስቀመጡ፣ የባለሙያዋን ድካም በሌላው የሙያ ሰው ልክ መቁጠር ነው።

ሽልማትና ፊልም

ከፑሊትዘር ሌላ በስሙ በርካታ የጄምስ ቢርድ ሽልማቶች አሉ። ከ2013 ጀምሮ በ«ሎስ አንጀለስ ታይምስ» ላይ በየዓመቱ የሚወጣውን የ101 ምርጥ ምግብ ቤቶች ዝርዝር አዘጋጅቷል። በ2015 ላውራ ጋበርት የሠራችው ዘጋቢ ፊልም «ሲቲ ኦቭ ጎልድ» ይባላል፤ ስሙ «የወርቅ ከተማ» እና «የጎልድ ከተማ» የሚሉ ሁለት ትርጉሞች አሉት። ፊልሙ ጎልድን በመኪናው ሲዞር ከማሳየቱም ሌላ፣ ጽሑፍ በቀጠሮው የማያደርስና አርታኢዎቹን የሚያስጨንቅ ሰው እንደነበር አይደብቅም።

አንድ ሃያሲ በአንድ ጽሑፍ የቤተሰብን ገቢ ሊለውጥ መቻሉ ግን አከራካሪ ጉዳይ ነው። ትንሽ ቤት በድንገት በሰልፍ ሲጨናነቅ የቆዩት ደንበኞች ቦታ ያጣሉ። ስለ ስደተኞች ምግብ በትልቅ ጋዜጣ የሚጽፉት የዚያ አገር ተወላጆች ያልሆኑ ሰዎች መሆናቸውም ይነሳል። ጎልድ ለዚህ የነበረው መልስ በአሠራሩ ውስጥ ይታያል፦ ደጋግሞ መሄድ፣ ማንበብ፣ ትንሽ ቤትን ደግሞ ለማዋረድ ብዕር አለማንሳት። ይህ ለጥያቄው ግማሽ መልስ ነው፤ ማን ይጻፍ የሚለው ግማሽ ባለበት ይቆያል።

ሞቱ

ጎልድ የቆሽት ካንሰር እንዳለበት በጁላይ 2018 መጀመሪያ ታወቀ፤ በዚያው ወር በ21ኛው ቀን በ57 ዓመቱ አረፈ። 58ኛ ዓመቱን ይይዝበት በነበረው ዕለት፣ በጁላይ 28፣ የከተማዋ ማዘጋጃ ቤትና ሌሎች ታዋቂ ሕንፃዎች በወርቃማ ብርሃን ደመቁ። በዚያው ዓመት መጨረሻ «ሎስ አንጀለስ ታይምስ» በእርሱ ቦታ ሁለት ሃያስያንን፣ ቢል አዲሰንንና ፓትሪሻ ኤስካርሴጋን፣ ቀጠረ።