«ገጹ አልተገኘም»፦ በእንግሊዝ አገር ስለ ነበሩት የግል የጽሑፍ ዘበኞች

ሳንሱር የሚለው ቃል ሲነሣ እኛ በዐይነ ኅሊናችን የምናየው የመንግሥት ሹም ነው፤ ማኅተሙን ከፊቱ አስቀምጦ፣ ቀይ እስክሪብቶውን በእጁ ይዞ፣ ደራሲው ደጅ ሲጠና እሱ አንዱን አንቀጽ እያሳለፈ ሌላውን የሚሠርዝ። ይህ ሥዕል ከገዛ ታሪካችን የወጣ ነውና ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን የእንግሊዝን አገር ታሪክ የመረመረ ሰው ሌላ ዓይነት ጠባቂ ያገኛል፤ ንጉሥ ያልሾመው፣ ሕዝብ ያልመረጠው፣ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ደመወዝ የማይቈረጥለት፣ በገዛ ፈቃዱ ከመሰሎቹ ጋር ማኅበር አቁሞ የጎረቤቱን ዐይን ከክፉ ጽሑፍ ለመጠበቅ የተነሣ ሰው ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1787 ንጉሥ ጊዮርጊስ ሦስተኛ የሕዝቡን ምግባር ለማቅናት ዐዋጅ ባወጀ ጊዜ፣ ዐዋጁን ከኋላ ሆኖ ያስወጣው የባሪያ ንግድን በመቃወም ስሙ የታወቀው ዊሊያም ዊልበርፎርስ ነበር። ዐዋጁ ወረቀት ሆኖ እንዳይቀር ወዲያው ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1802 ደግሞ ነውርን ለማጥፋት የቆመ ሌላ ማኅበር ተከተለ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ዐቃቤ ሕግ የሚባል የመንግሥት ከሳሽ ስላልነበረ፣ ማንም ሰው በራሱ ገንዘብ ወንጀለኛ ያለውን ለመክሰስ ሥልጣን ነበረው። ማኅበርተኞቹም በዚሁ ሥልጣን እየተጠቀሙ ነውረኛ የሚሉትን መጽሐፍና ሥዕል የሚሸጠውን ነጋዴ ከዳኛ ፊት ያቆሙት ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት ዘበኛ ግን ፍርድ ቤት አልሄደም፤ ዘበኛ ነኝም አላለም። ቻርልስ ኤድዋርድ ሙዲ የሚባል የሎንዶን መጽሐፍ ነጋዴ በ1842 መጻሕፍት የሚያከራይ ቤት ከፈተ። በዚያ ዘመን ልብ ወለድ ድርሰት በሦስት ጥራዝ ተከፍሎ ይታተም ነበርና የመሸጫው ዋጋ 31 ሺልንግ ተኩል ይደርስ ነበር፤ ለሙዲ ግን በዓመት 21 ሺልንግ ብቻ የከፈለ ሰው፣ አንዱን ጥራዝ ሲመልስ ሌላውን እየወሰደ ዓመቱን ሙሉ ያነብ ነበር። ስለዚህ መጽሐፍ የሚገዛው ጥቂት፣ ከሙዲ የሚከራየው ግን እጅግ ብዙ ሆነ፤ አሳታሚዎችም ሙዲ ስንት ቅጂ እንደሚወስድ ሳያሰሉ ድርሰት ለመቀበል የማይደፍሩበት ጊዜ መጣ። ሙዲ ቤቱን «የተመረጡ መጻሕፍት ቤት» ብሎ ነበርና የጠራው፣ ከምርጫው የወደቀ መጽሐፍ ሳይከሰስ፣ ሳይወገዝ፣ ሳይቃጠል፣ እንዲያው ከመደርደሪያው ላይ ሳይታይ ይቀር ነበር። አንባቢውም መኖሩን ስላላወቀ አይጠይቀውም።

አየርላንዳዊው ደራሲ ጆርጅ ሙር ይህ ዕጣ በደረሰበት ጊዜ ዝም አላለም። በ1883 የወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ የታገደው፣ ሁለት የባላገር ወይዛዝርት በአንድ ትዕይንት ቅር ተሰኝተው ለሙዲ ስለ ጻፉ መሆኑን፣ በ1885 ባሳተመው የሦስት ፔኒ ድርሳን ላይ ለሕዝብ ገለጠ። እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ይህ ነገር ነው። ሁለት ሰዎች መጽሐፍ አለመውደዳቸው ምንም ክፋት የለበትም፤ የሁለት ሰዎች አለመውደድ የአገር ሁሉ አለማንበብ የሚሆነው ግን ወደ መጽሐፉ የሚያስገባው በር አንድ ብቻ ሲሆን፣ በረኛውም ለማንም መልስ የማይሰጥ ሲሆን ነው። ሙር ቀጣዩን መጽሐፉን በአንድ ጥራዝ፣ በ6 ሺልንግ ለሕዝብ አቀረበ፤ የዚህ መጽሐፍ አሳታሚ ሄንሪ ቪዜቴሊ ነበረ።

ቪዜቴሊ የፈረንሳዊውን የኤሚል ዞላን ድርሰቶች በእንግሊዝኛ ያሳትም ስለ ነበር፣ በ1885 የተመሠረተው ብሔራዊ የጥበቃ ማኅበር ከሰሰው። በ1888 ዞላ ስለ ገበሬዎች ኑሮ የጻፈው «መሬት» የተሰኘው ልብ ወለድ በችሎት ፊት መነበብ ሲጀምር፣ በጁሪነት የተቀመጡት ሰዎች መስማቱ ሰቀጠጣቸውና ንባቡ ይብቃን ብለው ለመኑ፤ ቪዜቴሊም ጥፋተኛ ነኝ ብሎ 100 ፓውንድ ከፈለ። በሚቀጥለው ዓመት እንደ ገና ተከሶ፣ ዕድሜው ወደ 70 በቀረበበት ጊዜ ሦስት ወር ታሰረ። በ1893 የእንግሊዝ ጋዜጠኞች ማኅበር ያንኑ ዞላን ሎንዶን ድረስ ጋብዞ በታላቅ ክብር ሲያስተናግደው፣ ቪዜቴሊ ንብረቱን አጥቶ ጤናውም ተሰብሮ ነበር፤ ጥቂት ወራት ቈይቶም ሞተ።

ይህ ግፍ ነው። ሆኖም ቪዜቴሊ ከሳሹን በስም ያውቅ ነበር፤ ክሱ ተነቦለታል፣ ፍርዱ በአደባባይ ተነግሯል፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የምንኖር እኛም መዝገቡን ገልጠን ልናዝንለት ችለናል። ቤተ ክርስቲያናችንም ብትሆን ስታወግዝ የተወገዘውን በስሙ ጠርታ፣ ምእመናን እየሰሙ ነው እንጂ የለም ብላ አይደለም። የሙዲ መደርደሪያ ግን መዝገብ የለውም፤ በኋላ ዘመን ልጆችን ያፈራውም ይኸው መንገድ ሆነ።

በኦገስት ወር 1996 የሎንዶን ፖሊስ ለኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ኩባንያዎች ደብዳቤ ጽፎ፣ ነውረኛ ሥዕል፣ ከዚያም መካከል በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን ግፍ የሚያሳየውን፣ የሚያሰራጩ የኢንተርኔት የውይይት መድረኮችን እንዲዘጉ፣ ካልዘጉ ግን ተጠያቂ እንደሚሆኑ አስጠነቀቀ። ኩባንያዎቹ ክስ ከመጠበቅ ይልቅ የራሳቸውን ዘበኛ ማቆም መረጡና፣ ወጪው በአብዛኛው በእነርሱ መዋጮ የሚሸፈን «ኢንተርኔት ዎች ፋውንዴሽን» የተሰኘ ድርጅት በካምብሪጅ አጠገብ ተቋቋመ። የድርጅቱ ዓላማ ቅን መሆኑን ማንም ወላጅ አይክድም፤ ያን ዓይነቱን ሥዕል ከዓለም ላይ የሚነቅል ሰው የተባረከ ይሁን። የእኔ ሐተታ ስለ አሠራሩ ነው። ከኩባንያዎቹ አንዱ ብሪቲሽ ቴሌኮም በ2004 «ክሊንፊድ» የሚባለውን ማጣሪያ ከተከለ በኋላ፣ ድርጅቱ በምስጢር የሚያዘጋጀው የአድራሻ ዝርዝር ወደ ኩባንያዎቹ ይላካል፤ በዝርዝሩ ላይ የሰፈረውን ገጽ በዚያ ማጣሪያ በኩል ለመክፈት የሚሞክር ሰው «ተከልክሏል» የሚል ቃል አያገኝም ነበር፤ 404፣ ማለትም «ገጹ አልተገኘም» የሚል መልስ ይመጣለት ነበር። ይህ ቍጥር በኢንተርኔት ቋንቋ የጠፋ ወይም ከነጭራሹ ያልነበረ ነገር ምልክት ነው። ገጹ በቦታው እያለ ነበር እንግዲህ የለም የሚባለው።

ነገሩ ለዓለም የተገለጠው በዲሴምበር 2008 ነው። ስኮርፒየንስ የሚባለው የጀርመን የሙዚቃ ቡድን በ1976 ባሳተመው ሸክላ ሽፋን ላይ የሕፃን ልጅ ሥዕል ነበረበት፤ ከመጀመሪያውም ነውር ተብሎ በብዙ አገር ሽፋኑ ተለውጧል፤ እኔም ለዚያ ሽፋን ጥብቅና አልቆምም። ዊኪፔዲያ ስለ ሸክላው ታሪክና ስላስነሣው ክርክር የጻፈውን ገጽ ከነሥዕሉ ይዞ ስለ ነበር፣ አንድ ሰው ለድርጅቱ አቤት አለ፤ ዲሴምበር 5 ቀንም ገጹ በዝርዝሩ ላይ ሰፈረ። ዳኛ አልጠየቁም፤ ለዊኪፔዲያም አልነገሩም፤ የተሰጠው ስያሜ እንኳ «ሕገ ወጥ ሊሆን የሚችል» የሚል ነበር። በዚህም ስለ ሥዕሉ የተጻፈው ቃል ሁሉ ተዘጋ።

መዘዙ በዚህ አላበቃም። ማጣሪያው ወደ ዊኪፔዲያ የሚሄደውን አንባቢ ሁሉ በጥቂት ኮምፒዩተሮች በኩል ያሳልፍ ስለ ነበር፣ እልፍ አእላፍ እንግሊዛውያን ከጥቂት አድራሻዎች የመጡ መስለው ታዩ። የዊኪፔዲያ አዘጋጆች ጽሑፍ የሚያበላሸውን ባለጌ ከደኅናው ሰው መለየት ስላቃታቸው፣ ስማቸውን ሳያስመዘግቡ ከእነዚያ አድራሻዎች የሚጽፉትን ሁሉ አገዱ፤ ስለ አበባ ወይም ስለ መንደሩ ወንዝ አንዲት ፊደል ሊያርም የተነሣው ሰው ሳይቀር እጁን ታሰረ። ሥዕሉ ደግሞ በሌሎች ድረ ገጾች ላይ እንደ ልብ ይታይ ነበርና፣ እገዳው ሰምቶት የማያውቀውን ሕዝብ ሁሉ ወደ እርሱ ጠራው። ከአራት ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 9፣ ድርጅቱ ሥዕሉ ለረጅም ዘመን በሰፊው ተሰራጭቶ የቈየ መሆኑን አይቶ ገጹን ከዝርዝሩ አወጣ።

ይህ ስሕተት የታረመው የተዘጋው ገጽ የዊኪፔዲያ በመሆኑ፣ ብዙ ሰዎችም በመጮኻቸው ነው። በአንዲት ትንሽ ድረ ገጽ ላይ የሚጽፍ፣ ገጹ በእንግሊዝ አገር «አልተገኘም» መባሉንም የማያውቅ ድኻ ጸሓፊ በየትኛው ደጅ ይጮኻል? ድርጅቱ ራሱ ይህን ጕድለት አልናቀውም፤ የቀድሞው የመንግሥት ዐቃቤ ሕጎች አለቃ ሎርድ ማክዶናልድ አሠራሩን መርምሮ ባቀረበው፣ በ2014 ይፋ በሆነው ሐሳብ መሠረት፣ ይግባኝን በመጨረሻ የሚያይ ጡረታ የወጣ ዳኛ እንዲኖር ተስማማ። ለእኔ ይህ ከ1996 ጀምሮ መደረግ የነበረበት ነው።

ስለ ሐሰተኛው 404 ደግሞ ሌሎች አሰቡ። ካናዳዊው መሐንዲስ ቲም ብሬይ በ2012 አዲስ ቍጥር እንዲወሰን ሐሳብ አቀረበ፤ ቍጥሩ 451 ነው፤ የተወሰደውም ሬይ ብራድበሪ መጽሐፍ ስለሚቃጠልበት ዘመን በ1953 ካሳተመው ልብ ወለድ ርእስ ነው። ትርጕሙ ገጹ በሕግ ምክንያት ተከልክሏል ማለት ሲሆን፣ እገዳውን የፈጸመው ማን እንደ ሆነ የሚመዘገብበት ቦታም ተሰጥቶታል። የኢንተርኔትን ደንብ የሚያወጣው ጉባኤ በዲሴምበር 2015 አጸደቀው። ቍጥሩን መጠቀም ግን ግዴታ አይደለም፤ ዛሬም አንድ ዘበኛ ገጽ ዘግቶ «አልተገኘም» ቢል የሚከለክለው ደንብ የለም።