የመሸለቻ መቀስ ታሪክ፦ ከመንዝ እስከ ጫግኒ

የአንድ መሣሪያ ታሪክ የሚያገለግለው እንስሳ ታሪክ ነው። በጫግኒ የበግ ገበያ የቆመ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። የአካባቢው ዝርያ የሆነው የዋሸራ በግ ጠጉሩ አጭር ነው፤ ስለዚህም የአዊ ገበሬ በግ የሚሸልትበት ምክንያት አልነበረውም። ወደ ሰሜን ሸዋ ስንሻገር ግን ነገሩ ይለወጣል። የመንዝ በግ ሻካራ ሱፍ ያበቅላል፤ የደጋው ብርድም ሱፉን ይፈልጋል። በመሆኑም በዚያ በጉ ይሸለታል፤ ሱፉ ይፈተላል፤ ባናና ዝተት፣ በርኖስም ይሠራል።

ለዚህ ሥራ ዓለም ያወቀው ጥንታዊ መሣሪያ ከአንድ ወጥ ብረት ታጥፎ የሚሠራው፣ እጅ ሲላላ ራሱ የሚከፈተው መቀስ ነው፤ ሮማውያንም ተጠቅመውበታል። የመሸለቻው መኪና የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ፍሬድሪክ ዎልስሊ በአውስትራሊያ የሠራው መኪና እ.ኤ.አ. በ1888 በደንሎፕ የበግ እርሻ የመንጋውን ሱፍ በሙሉ ሸለተ። ይሁን እንጂ ይህ መኪና የታሰበው በብዙ ሺህ ለሚቆጠር መንጋ እንጂ ጥቂት በጎች ላሉት የመንዝ ባላገር አልነበረም።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1967 የደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያና ማባዣ ማዕከል ተቋቋመ። ሱፍንና ሥጋን ለማሻሻል በመጀመሪያ እንደ ኮሪዴል ያሉ፣ በኋላም የአዋሲ በጎች ከውጭ ገብተው ከመንዝ በግ ጋር ተዳቀሉ። ገበሬው ግን ድቃዩን በመልኩ መዘነው፤ ጅራተ ቀጭኑን አመነታበት፤ ላታሙን የአዋሲ ድቃይ የተሻለ ተቀበለው። ለሸላቹ የሚስማማ በግ ሁሉ ለባለቤቱ እንደማይስማማ ከዚህ እንማራለን።

በጫግኒ መቀስ የሱፍ ሳይሆን የሕክምና መሣሪያ ነው። የቁስል ዙሪያ በእርሱ ይከረከማል። የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሲመረመርም የአንገቱ ጠጉር ተቆርጦ የቆዳው ውፍረት ይለካል፤ መርፌው ከተሰጠ ከ72 ሰዓት በኋላ የሚነበበው ቦታ የሚታወቀው በዚያ ምልክት ነው። ለዚህም ቆዳ እንዳይወጋ ጫፉ ድቡል ያለና ቆልመም ያለ መቀስ ይመረጣል።

አያያዙ ግን በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው። የመሸለቻ መቀስ የሚሳለው በውጭ በኩል ባለው ዘቅዛቃ ፊቱ ነው፤ ስለቶቹ የሚገናኙበት የውስጥ ፊት ከተነካ ጠጉሩን ማኘክ ይጀምራል። ከሥራ በኋላ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ይቀባል። ከሁሉ የሚበልጠው ንጽሕናው ነው። የበግን ዕጢ በመግል የሚያሳብጠው በሽታ፣ እብጠቱ በስለት ሲቀደድ፣ በዚያው ስለት ወደ ቀጣዩ በግ ቁስል ይሻገራል። ስለዚህ ወጣቶቹ ይቀድማሉ፤ እብጠት ያለባቸው በመጨረሻ ይሸለታሉ፤ በመካከሉም ስለቱ በፀረ ተዋስያን መድኃኒት ይጸዳል።

እንግዲህ መቀስ የሚገዛ ባለሙያ ከዋጋው በፊት በበረቱ ያለውን እንስሳ ይመልከት። ያልታሰበበት መቀስ በመጋዘን ይዝጋል፤ ያልጸዳ መቀስ ግን በመንጋው መካከል በሽታ ይዘራል።